ቀዩ ነጥብ «ማነህ?» ብሎ አይጠይቅም

በሌሊት ኮቴ ሰምቶ ሽጉጡን ያነሳ ሰው ፊት ለፊቱ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ያ ማነው?» የሚል። ጥይቱ የት ያርፋል የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ሳይመለስ ሁለተኛው የተመለሰለት ሰው፣ ማንነቱን የማያውቀውን ሰው አነጣጥሮ ለመምታት ተዘጋጀ ማለት ነው።

አሜሪካ ውስጥ በየጦር መሣሪያ መደብሩ መስታወት ሥር የተደረደሩት ሁለት የሽጉጥ ተጨማሪ ዕቃዎች መመዘን ያለባቸው በዚህ ሚዛን ነው። አንደኛው ሌዘር ነው፤ ጥይቱ ያርፍበታል በተባለው ቦታ ላይ ቀይ ወይም አረንጓዴ ነጥብ ይጥላል። ሁለተኛው መብራት ነው፤ ከአፈሙዙ ሥር ተገጥሞ ፊት ለፊት ያለውን ሁሉ ያበራል። ሻጩ ሁለቱን እንደ መንታ አድርጎ ያቀርባቸዋል። በአንድ ቀፎ ውስጥ አጣምረው የሚሠሯቸው ኩባንያዎችም አሉ። ገዢው ሁለት ሦስት መቶ ዶላር ከፍሎ «ቤቴን አስጠበቅኩ» ብሎ ይወጣል።

መንታ ግን አይደሉም። መብራት «ማነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል፤ ሌዘር አይሰጥም። ስለዚህ መብራት ገንዘቡን ያወጣል፤ ያውም መጀመሪያ በእጅ የሚያዘው። ሌዘር ለአብዛኛው ገዢ የልብ ልብ ከመስጠት ያለፈ ነገር አይጨምርም። ሽጉጥ ለያዘ ሰው ደግሞ ያለ ቦታው የመጣ የልብ ልብ ከፍርሃት የበለጠ አደገኛ ነው።

◆ ጉዳዩ የማን ነው?

«ይህ የፈረንጅ ወሬ ነው» የሚል አይጠፋም። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በዳላስና በአትላንታ ያለውን ኑሮ የሚያውቅ ግን እንዲህ አይልም። ሊከር ስቶር ያለው፣ ነዳጅ ማደያ የሚያድር፣ ፓርኪንግ የሚሠራ፣ ሌሊት ኡበር የሚነዳ ሐበሻ ብዙ ነው። የቀን ገቢውን ቆጥሮ፣ አምሽቶ ዘግቶ፣ ብቻውን ወደ መኪናው የሚሄድ ሰው ስለ ሽጉጥ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ሕጉም በሩን ከፍቶለታል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ግለሰብ ቤቱን ለመጠበቅ ሽጉጥ የመያዝ መብት አለው ብሎ የወሰነበት የሄለር ጉዳይ የተነሳው ከዲሲ ነው፤ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩበት ከተማ። እ.ኤ.አ. በ2022 በብሩን ጉዳይ ደግሞ መብቱን ከቤት ውጭ ወደ መሸከም አሰፋው። ሜሪላንድ የመሸከሚያ ፈቃድ ለሚጠይቅ ሰው «በቂ ምክንያት አምጣ» ማለቷን ያቆመችው ከዚያ ወዲህ ነው። የገዢው ብዛትም አድጓል። እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በፌዴራሉ የማጣሪያ ሥርዓት ከ39 ሚሊዮን በላይ ምርመራዎች ተካሂደዋል። ምርመራ ሁሉ ሽያጭ ባይሆንም፣ ቁጥሩ በዚያን ጊዜ ክብረ ወሰን ነበር።

እንግዲህ ሽጉጡን የሚገዛው ሰው አለ። ቀጥሎ የሚመጣው «ምን ይገጠምበት?» የሚለው ጥያቄ የብዙ ሐበሻ ቤት ጥያቄ ሆኗል። መልሱ የሚገኘው ደግሞ ከሻጭ፣ ከዩቲዩብና ከጓደኛ ነው። ከሦስቱ አንዳቸውም ስህተት ቢፈጠር ፍርድ ቤት አብረው አይቆሙም።

◆ ሌዘር የሚሸጠው ምንድን ነው?

የሌዘርን ዝና የሠራው የጦር ሜዳ አይደለም፤ ሲኒማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው «ተርሚኔተር» ፊልም ላይ አርኖልድ ሽዋዚንገር የያዘው ሽጉጥ ቀይ ጨረር ይረጫል። የዚያን ጊዜው መሣሪያ ትልቅ ከመሆኑ የተነሳ የኃይል ምንጩ በልብሱ ውስጥ ተደብቆ በሽቦ ነበር የሚሠራው። ተመልካቹ ግን ሽቦውን አላየም፤ ያየው ነጥቡን ነው።  ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ በኦሪገን የተቋቋመው ክሪምሰን ትሬስ ሌዘሩን አሳንሶ በሽጉጥ መያዣ ውስጥ ከተተው። ገበያው እያደገ ሄዶ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እ.ኤ.አ. በ2016 ኩባንያውን በ95 ሚሊዮን ዶላር ገዛው።

የደጋፊዎቹ ክርክር ተንቆ የሚታለፍ አይደለም። አንደኛ፣ በድንጋጤ ጊዜ ሰው ዓይኑን አደጋው ላይ እንጂ የሽጉጡ ጫፍ ላይ ባለችው ማነጣጠሪያ ላይ አያደርግም፤ ሌዘር ነጥቡን ዓይን ወዳለበት ይወስድለታል ይላሉ። ሁለተኛ፣ ዕድሜው የገፋና የቅርቡ የሚደበዝዝበት ሰው ማነጣጠሪያዋ አትታየውም፤ ነጥቡ ግን ይታየዋል። ሦስተኛ፣ የወደቀ ወይም የቆሰለ ሰው ሽጉጡን ዓይኑ ድረስ ሳያነሳ ማነጣጠር ይችላል። አራተኛ፣ ደረቱ ላይ ነጥቡን ያየ ሌባ ይሸሻል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ እውነትነት አላቸው። ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ሌዘር በእርግጥ ይረዳል። በልምምድም ጊዜ ይጠቅማል፤ ጥይት በሌለው ሽጉጥ ቃታ ሲሳብ ነጥቡ ከቦታው ከዘለለ፣ ተኳሹ እጁን እያስደነገጠ መሆኑን በዓይኑ ያየዋል። ለዚህ የገዛው ሰው ገንዘቡን አላባከነም።

አብዛኛው ገዢ ግን ለዚህ አይደለም የሚገዛው። የሚገዛው ነጥቡ ያረፈበትን ይመታልኛል ብሎ ነው። እዚህ ላይ ነው ሽያጩ ውሸት የሚሆነው።

ነጥቡ የሚያሳየው ቃታው ከመሳቡ በፊት አፈሙዙ ወዴት እንደዞረ ነው። ጥይት የሚስተው ደግሞ በአብዛኛው ቃታው በሚሳብበት ቅጽበት ነው፤ ጣት ሲቸኩል፣ እጅ ሲጨብጥ፣ አፈሙዝ ሲያጎነብስ። ሌዘር ይህን አያርምም። እንዲያውም ያልለመደውን ሰው ያባብስበታል። የሰው እጅ ምንጊዜም ይንቀጠቀጣል፤ በተራ ማነጣጠሪያ ይህ መንቀጥቀጥ ብዙም አይታይም፤ በሌዘር ግን ግድግዳው ላይ ሲጨፍር ይታያል። ጀማሪው ነጥቡ እስኪረጋ ይጠብቃል። አይረጋም። ነጥቡ ዒላማውን ሲያልፍ ጠብቆ ቃታውን በድንገት ይስባል። ጥይቱም ሌላ ቦታ ይሄዳል።

የሠለጠነ ሰው እንኳ በጭንቀት ጊዜ ምን ያህል እንደሚስት የታወቀ ነው። ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ ኒው ዮርክ ከተማ ፖሊስ ባወጣው ጥናት፣ ከ1998 እስከ 2006 በነበሩት የተኩስ ልውውጦች የፖሊሶቹ ጥይት ዒላማውን ያገኘው በአማካይ 18 ከመቶ ነው። ወደ እነሱ ባልተተኮሰበት ጊዜ እንኳ 30 ከመቶ ብቻ ነበር። ደመወዝ እየተከፈላቸው የሚለማመዱ ሰዎች ናቸው እነዚህ። የሌዘር ሻጭ ይህን ቁጥር አንስቶ «ለዚህ ነው ነጥብ የሚያስፈልገው» ሊል ይችላል። ልብ የሚደልቅበትንና ጣት የሚደነዝዝበትን ሰው ግን የሚያድነው ልምምድ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን የተኩስ መለማመጃ ያልሄደ ሰው በጭንቅ ሰዓት ነጥቡን ፈልጎ ሊያገኘውም አይችል።

የሳተው ጥይትስ የት ይሄዳል? የአሜሪካ አፓርታማ ግድግዳ እንደ አዲስ አበባው ብሎኬት አይደለም። በእንጨት ላይ የተመታ የጂፕሰም ሰሌዳ ነው። ተራ 9 ሚሊሜትር ጥይት አልፎት ወደሚቀጥለው ክፍል ይገባል። ከግድግዳው ማዶ ደግሞ የራስ ልጅ ወይም የጎረቤት ልጅ ተኝቷል።

የቀረው አራተኛው ክርክር ነው፤ ሌባው ነጥቡን አይቶ ይሸሻል የሚለው። ነጥቡ ደረቱ ላይ ያረፈበት ሰው የሚያየው ወደ ደረቱ ከተመለከተ ነው። የሰከረ፣ የደነገጠ ወይም የሚሮጥ ሰው ደረቱን አይመለከትም። ከዚህ የሚከፋው ሌላ ነገር አለ። ሌዘርን ማስፈራሪያ አድርጎ የገዛ ሰው፣ መተኮስ በማይገባው ሰው ላይ ሽጉጥ ለማዞር ተዘጋጅቷል ማለት ነው። በቨርጂኒያ ያለ በቂ ሕጋዊ ምክንያት ሰውን በሚያስፈራ ሁኔታ ሽጉጥ ማዞር ብቻውን ወንጀል ነው፤ ጥይት ባይተኮስም። የመኪና ማቆሚያ ላይ በተነሳ ጭቅጭቅ ነጥብ የጣለ ሰው «አልተኮስኩም» ብሎ አያመልጥም።

በደማቅ ፀሐይ ቀዩ ነጥብ ጥቂት ሜትር አልፎ ይጠፋል። አረንጓዴው ለሰው ዓይን የተሻለ ቢታይም ብዙ ኃይል ይበላል። ሽጉጡ ሲወድቅ ወይም ሲጋጭ ነጥቡ ከተስተካከለበት ሊዛነፍ ይችላል፤ ባለቤቱ ደግሞ ካልተኮሰ በቀር አያውቅም። የባትሪ ድንጋዩ ካለቀ በተራው ማነጣጠሪያ መመለስ ግድ ነው፤ ነጥብ ብቻ የለመደ ሰው ግን ወደየት ይመለሳል?

◆ መብራት ለምን ይለያል?

የመብራት ጥቅም ሰው ከመምታት ጋር አይያያዝም። ሰው ካለመምታት ጋር ነው የሚያያዘው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ዳላስ ውስጥ ከሥራ የወጣች ፖሊስ ፎቁን ተሳስታ፣ ከእሷ ቤት በላይ ያለውን አፓርታማ የራሷ ነው ብላ ገባች። ቤቱ ጨለማ ነበር። ውስጥ ያለውን ወጣት ሌባ መስሎኝ ብላ ተኩሳ ገደለችው። ሰውየው በገዛ ቤቱ ነበር የተቀመጠው። እ.ኤ.አ. በ2019 በግድያ ወንጀል ጥፋተኛ ተብላ የ10 ዓመት እስራት ተፈረደባት። ያን ክፍል አንድ ሰከንድ ያበራ ብርሃን የሌላ ሰው ሶፋና የሌላ ሰው ግድግዳ ያሳይ ነበር። ከሳሾቹ ደግሞ ከበሩ ፊት የተነጠፈውን ቀይ ምንጣፍ እንኳ አላየችም ብለው ተከራክረዋል። ይህ መዘንጋት የለበትም፤ ብርሃን የሚጠቅመው ለማየት ለፈለገ ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ተመሳሳይ ዜናዎች ተሰሙ። በካንሳስ ሲቲ ወንድሞቹን ሊያመጣ ሄዶ የተሳሳተ ቤት ደወል የደወለ የ16 ዓመት ልጅ በ84 ዓመት አዛውንት ተተኮሰበት፤ እግዚአብሔር አትርፎታል። በኒው ዮርክ ግዛት ሄብሮን ደግሞ መንገድ ስታ የሰው ግቢ በገባች መኪና ውስጥ የነበረች የ20 ዓመት ወጣት ሞተች። ተኳሹ 25 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። በሁለቱም ቦታ የጎደለው የማነጣጠር ችሎታ አልነበረም፤ ተኳሾቹ መትተዋል። የጎደለው «ማነህ? ምን ፈለግህ?» የሚል ጥያቄና መልሱን ለመስማት የሚበቃ ትዕግሥት ነው።

ብርሃንም የማይረዳበት ቦታ አለ። ኦስካር ፒስቶሪየስ እ.ኤ.አ. የካቲት 14 ቀን 2013 ፕሪቶሪያ ውስጥ በተዘጋ የመጸዳጃ ቤት በር ላይ አራት ጥይት ተኩሶ ሪቫ ስቴንካምፕን ገደለ። ሌባ መስሎኝ ነው አለ። የደቡብ አፍሪካ ጠቅላይ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ጉዳዩን መርምሮ ጥፋቱን ወደ ግድያ ከፍ አደረገው። ከበሩ ኋላ ያለው ማንም ይሁን ማን፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ላይ አራት ጊዜ የተኮሰ ሰው ሊገድል እንደሚችል ያውቃል ነው ያለው። በተዘጋ በር ላይ የትኛውም መብራት ፊት አያሳይም። ስለዚህ በተዘጋ በር ላይ አይተኮስም። ነገሩ እንዲህ ቀላል ነው።

አገር ቤት ያደገ ሰው ይህን ትምህርት ከአሜሪካ አሠልጣኝ መግዛት አያስፈልገውም። የሰፈር ዘበኛ ሌሊት ኮቴ ሲሰማ ምን ያደርጋል? ባትሪውን አብርቶ «ማነህ!» ይላል። ዱላው ከዚያ በኋላ ነው። መልስ ሲመጣ «አንተ ነህ እንዴ! በሰላም?» ይባላል፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። ያ ዘበኛ ሌዘር ቢሰጠው አንድም ነገር አይጨምርለትም። ባትሪው ቢወሰድበት ግን ሥራው ያበቃል።

◆ በእጅ ወይስ በሽጉጥ ላይ?

መብራት ይጠቅማል ሲባል ሻጩ ፈገግ ብሎ ሽጉጥ ላይ የሚገጠመውን ያወጣል። ቀስ ማለት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

የአሜሪካ የሽጉጥ ሥልጠና የቆመባቸውን አራት ደንቦች በአሁኑ መልካቸው ያስፋፋቸው እ.ኤ.አ. በ1976 አሪዞና ውስጥ የሽጉጥ ትምህርት ቤት የከፈተው ጄፍ ኩፐር ነው። መሣሪያ ሁሉ እንደጎረሰ ይቆጠር፤ ለማጥፋት ባልፈቀድከው ነገር ላይ አፈሙዝ አታዙር፤ ዒላማህን ሳታነጣጥር ጣትህን ቃታ ላይ አታድርግ፤ ዒላማህንና ከኋላው ያለውን እወቅ። አሁን እነዚህን ደንቦች ይዞ ሽጉጥ ላይ የተገጠመ መብራትን ማየት ነው። መብራቱ የሚያበራው አፈሙዙ ወደዞረበት ነው። ታዲያ ኮሪደሩ ላይ ያለው ማን እንደሆነ ለማየት የፈለገ አባት ምን ያደርጋል? ሽጉጡን ያዞርበታል። ውሃ ሊጠጣ የተነሳው ልጁ ከሆነ፣ አራተኛውን ደንብ ለመጠበቅ ሁለተኛውን ጥሶ በልጁ ላይ የጎረሰ ሽጉጥ አዙሯል።

አደጋው በወረቀት ላይ ያለ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በቴክሳስ ፕላኖ ከተማ አንድ የአደንዛዥ ዕፅ ክፍል ፖሊስ ሽጉጡ ላይ የተገጠመውን መብራት ላበራ ስል ቃታውን ሳብኩ ብሏል፤ አንድ የ25 ዓመት ወጣት ሞተ። ማብሪያውን የሚጨብጠውና ቃታውን የሚስበው የአንድ እጅ ጣቶች ናቸው። በድንጋጤ ጊዜ ጣቶች ለየብቻቸው አይታዘዙም፤ አንዱ ሲጨብጥ ሌላውም ይጨብጣል። ለፖሊስ ሥራ የለመደ ሰው ላይ ይህ ከደረሰ፣ ሽጉጡን ገዝቶ አልጋው አጠገብ ያስቀመጠ ባለሱቅ ላይ አይደርስም የሚል ማነው?

በእጅ የሚያዝ ባትሪ ይህ ሁሉ የለበትም። ሽጉጡ ወደ መሬት ዞሮ ወይም ከነጭራሹ ሳይወጣ ፊት ማየት ይቻላል። ቀጥታ ሰው ላይ እንኳ ማብራት አያስፈልግም፤ ነጭ ጣሪያ ወይም ወለል ላይ ሲበራ ብርሃኑ ነጥሮ ክፍሉን ሁሉ ያሳያል። ስለ ሉመን ብዛት የሚነገረውም ማስታወቂያ ያን ያህል አያስጨንቅም። አንድ ሺህ ሉመን በጠባብ ክፍል ነጭ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ የሚያደናግዘው ያበራውን ሰው ራሱን ነው። ለቤት ውስጥ የጥቂት መቶ ሉመን ጥሩ የእጅ ባትሪ ይበቃል። ሽጉጥ ከሚያስፈልግበት ቀን ይልቅ መብራት የሚጠፋበት፣ ጎማ የሚፈነዳበትና ቁልፍ የሚወድቅበት ቀን ስለሚበዛ፣ ባትሪው በየቀኑ ዋጋውን ይመልሳል።

የተገጠመውን መብራት የሚደግፉ «ሁለት እጅ ሽጉጡ ላይ ይሆናል፤ ወይም አንዱ እጅ ስልክ ለመደወልና ልጅ ለመያዝ ነፃ ይሆናል» ይላሉ። ትክክል ነው። ለፖሊስና ለወታደር ደግሞ አስፈላጊነቱ አያጠያይቅም፤ ወደ ጨለማው መግባት ሥራቸው ነው። የቤት ባለቤት ሥራ ግን ወደ ጨለማው መግባት አይደለም። በሩን ቆልፎ፣ ቤተሰቡን በአንድ ክፍል ሰብስቦ፣ 911 ደውሎ መጠበቅ ነው። የተገጠመ መብራት የሚፈልግ ሰው ይግዛ፤ ግን ከእጅ ባትሪው ቀጥሎ፣ ከብዙ ልምምድ በኋላ፣ መብራቱን የሚቀበል የሽጉጥ ማኅደርም ጨምሮ። መተኮስ የግድ መሆኑ ከታወቀ በኋላ የሚበራ እንጂ መፈለጊያ እንዳልሆነም አምኖ።

◆ ባለሱቁና ሾፌሩ

ሌላም መነገር ያለበት ነገር አለ። ሊከር ስቶር የሚዘረፈው በአብዛኛው ደማቅ መብራት በርቶ ነው። ዘራፊው ከባንኮኒው ማዶ አንድ ሜትር ላይ ቆሟል፤ ፊቱ ይታያል፤ እጁ ይታያል። እዚያ መብራትም ሌዘርም ሥራ የላቸውም። የሚጠቅመው ከውጭ ያለው አምፖል፣ ካሜራው፣ በካዝና መሳቢያ ውስጥ ትንሽ ገንዘብ ማስቀመጥና ሲጠየቁ መስጠት ነው። ገንዘብ ይመለሳል። ዶላር ይዞ የሚሄድን ሰው ከኋላው ተኩሶ የመታ ባለሱቅ ደግሞ ከተዘራፊነት ወደ ተከሳሽነት ይዞራል።

ኡበር እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ሾፌርም ተሳፋሪም መኪና ውስጥ የጦር መሣሪያ እንዳይዝ ከልክሏል። የቨርጂኒያ የመሸከሚያ ፈቃድ በሜሪላንድም በዲሲም አይሠራም፤ ድልድዩን የተሻገረ ሾፌር ሳያውቀው ወንጀል ውስጥ ይገባል። ዜግነት ላላገኘ ሰው ነገሩ ይከብዳል። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት የጦር መሣሪያን ያለ አግባብ በመያዝ ወይም በመሸከም መፈረድ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው እንኳ ከአገር ሊያስባርር የሚችል ምክንያት ነው። ከሃያ ዓመት ልፋት በኋላ በአንድ ሌሊት ስህተት ወደ ቦሌ የሚመልስ ጉዳይ፣ በነጥብ ቀለም ምርጫ መጀመር የለበትም።

◆ መጀመሪያ ምን ይገዛ?

ሽጉጥ ቤቱ ያስገባ ሰው ገንዘብ የሚያወጣበት ቅደም ተከተል አለው።

መጀመሪያ ካዝና። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ በጥይት ከሞቱት 48,830 ሰዎች ውስጥ 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ሽጉጥ ያለበት ቤት ትልቁ አደጋ በመስኮት የሚገባው ሌባ ብቻ አይደለም፤ በውስጥ ያለው የተጨነቀ ጎረምሳ ወይም ስለ ጭንቀቱ ለማንም ያልተነፈሰ አባት ጭምር ነው። ሐበሻ ቤት ውስጥ ደግሞ ስለ ጭንቀት ብዙ አይወራም። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2023 ሕጓን አጥብቃ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ የጎረሰ መሣሪያ ማስቀመጥን በወንጀል የሚያስጠይቅ አድርጋለች። በጣት አሻራ ወይም በቁጥር የሚከፈት ትንሽ የብረት ሣጥን ብዙ ጊዜ ከጥሩ ሌዘር ያነሰ ዋጋ አለው።

ሁለተኛ ሥልጠና። ሜሪላንድ ሽጉጥ ለመግዛት የምትጠይቀው የአራት ሰዓት ትምህርት መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም። ለሌዘር የሚወጣው ገንዘብ ጥይትና የመለማመጃ ሰዓት ቢገዛ፣ ያ ሰው ነጥብ ሳያስፈልገው ይመታል፤ ከዚያም በላይ መቼ መተኮስ እንደሌለበት ያውቃል።

ሦስተኛ ብርሃን። ደጅ ላይ እንቅስቃሴ ሲሰማው የሚበራ አምፖል፣ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ የሌሊት መብራት፣ አልጋው አጠገብ የእጅ ባትሪ። ብዙ ሌሊት ታሪኩ እዚሁ ላይ ያበቃል፤ የመጣው ድመት ወይም አምሽቶ የመጣ ልጅ ነው።

ከዚህ በኋላ የተረፈ ገንዘብና ጊዜ ያለው ሰው ሽጉጡ ላይ መብራት ይግጠም። ሌዘር መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ ዓይኑ ለደከመና በልምምድ ስህተቱን ማየት ለሚፈልግ ሰው። ለሌላው ቢቀርም አይጎዳም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ጥይት ግን ከፈሰሰ አይለቀምም። ሽጉጥ የሚይዝ ሰው ከሁሉ በፊት ማየትንና መጠየቅን ይግዛ፤ ለዚህ ደግሞ አንድ የእጅ ባትሪና «ማነህ?» የምትል አንዲት ቃል ይበቃሉ።